ጥያቄ ቁጥር አሥራ አንድ

ስታቫንገር፣ ኖርዌይ
ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ጋሼ እንደሻው፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የእትዬ ወለተሥላሴን ጤና እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ገና በዘጠኝ ሰዓት ይጨልማል፤ ዝናቡም አያባራም። የአረጋውያኑ ቤት ሥራዬ እንደ ድሮው ነው።

በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ እህ እህ ስንባባል ስለተቋረጠ፣ እንዳሉኝ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። ጉዳዩ የልጄ የባርኮት ነው። ትምህርት ቤታቸው የሰጣቸውን የሙከራ ፈተና ውጤት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ሒሳቡም ባዮሎጂውም ጥሩ ነው። አፕቲትዩድ የሚሉት ግን ከመቶ ሠላሳ አንድ ሆኖባታል። ምኑ እንደከበዳት ስጠይቃት ቃልን ከቃል ማዛመዱ ነው አለች። በዚህ ከቀጠለ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን እንደማታልፍ እሷም ገብቷታል።

ስድስት ዓመቷ ላይ ትቼልዎ ስሄድ ፊደል ያስቆጠሯት እርስዎ ነዎት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማሩ ሰው ነዎትና ይህንንም እንዲጨምሩልኝ እለምንዎታለሁ። ከእርስዎ ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።
የእህትዎ ልጅ ትዕግሥት


ሐረር፣ ሸዋ በር
ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፀሐይ ልጅ፣ ለትዕግሥት፣

መድኃኔ ዓለም በያለሽበት ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። ውሃ በሁለት ሳምንት አንዴ ይመጣል፤ የመጣ ቀን ወለተሥላሴ ከበርሜሉ አልፋ የሻይ ብርጭቆውን ሁሉ ትሞላለች። ጉልበቴ እኔን መስሏል፤ ጠዋት አልነሳም ይላል፣ ከተነሳ በኋላ ደግሞ መቀመጥ አይወድም።

ደብዳቤሽን ልብስ ሰፊው ሙሐዲን በስልኩ ተቀብሎ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ካለው ሱቁ ጎን አሳትሞ ሰጠኝ። አላነበብኩትም ብሎ ከማለ በኋላ፣ ሠላሳ አንድ ግን ያንሳል አለኝ። የእሱ ልጅ ሰልማ ከባርኮት ጋር አንድ ክፍል ናት፤ ያመጣችው ሃያ ዘጠኝ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ይዣለሁ።

ይህ አፕቲትዩድ በእኛ ጊዜ አልነበረም ብዬ ልሸሽ አስቤ ነበር። የመልመጃ መጽሐፉን ሳየው ግን ሒሳብ ሆኖ አገኘሁት፤ ቁጥር የሌለው ሒሳብ። "መርፌ ለልብስ ሰፊ፤ ማረሻ ለማን?" ብዬ ባርኮትን ጠየቅኋት። ለበሬ አለች። ለምን ስላት፣ ሁልጊዜ አብረው ስለማያቸው አለችኝ። በሽታዋ የት እንዳለ ያኔ ገባኝ። አብሮ የሚታይን ነገር ሁሉ የሚዛመድ ይመስላታል።

ስለዚህ ሁለት ሕግ አወጣሁ። አንደኛ፣ ምርጫዎቹን ከማየትሽ በፊት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት ምን እንደሚያገናኛቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ። "መርፌ ልብስ ሰፊ የሚሠራበት ዕቃ ነው።" አሁን ሌሎቹን በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቢ። ማረሻ በሬ የሚሠራበት ዕቃ ነው? አይደለም፤ በሬ ይጎትተዋል እንጂ የሚሠራበት ገበሬው ነው። ሁለተኛ፣ ዓረፍተ ነገሩ እውነት መሆን አለበት። ስላማረ ብቻ አይጻፍም።

ፈተናው በእንግሊዝኛ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔ ግን በአማርኛ ነው የማስተምራቸው፤ ማሰቡን ከያዙት ቃሉን በኋላ ይጨምሩበታል። ባለፈው ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ ሃያ ጥያቄ ጽፌ ሰጠኋቸው። ባርኮት አሥራ ሁለት አገኘች፣ ሰባት ሳተች፣ አንዱን ባዶ ተወችው። የሚገርመው ባዶ የተወችው ከሃያው ሁሉ ቀላሉን ነው። የትኛው እንደሆነ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አንቺም እንድትሞክሪው ሃያውንም አብሬ ልኬልሻለሁ። ከሰው እንዳትገለብጪ።

እንደሻው


ስታቫንገር
ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ እንደሻው፣

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረስዎ። በዓሉ ሳይደርስ መልካም ምኞቴ ይቅደም ብዬ ነው።

ጥያቄዎቹን በምሳ ሰዓት እየሠራሁ ሦስት ቀን ፈጀሁ። መልሶቼን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ እንደ ተማሪ ያርሙልኝ፣ አይዘኑልኝ። ቀላል ያሉት የትኛው እንደሆነ ግን ሊገባኝ አልቻለም። ለእኔ ሁሉም ከብደውኛል። ባዶ የተወችው የትኛውን ነው?

ቀጥሎ ያለው ለእርስዎና ለእትዬ ወለተሥላሴ ብቻ ነው። ባርኮት መጥታ ከእኔ ጋር እንድትኖር ፈቃድ ጠይቄያለሁ። በነሐሴ አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላታል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ልጅ ልጠይቅላት አልችልም። አባቷ ሽመልስ ነፍሱን ይማረውና ካረፈ ወዲህ ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ እንዳይነግሯት አደራ እላለሁ። ተስፋ አድርጋ ብትከለከል እንዴት እንደምሆን አላውቅም። ፓስፖርቷ ግን ካሁኑ መውጣት አለበት። ለምን ብላ ብትጠይቅ፣ ለፈተናው መታወቂያ ያስፈልጋል ይበሏት።

እግዚአብሔር ውለታዎን ይክፈልልኝ።
ትዕግሥት


ሐረር፣ ሸዋ በር
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትዕግሥት፣

ሰላምና ጤና ካንቺ አይራቅ። እኛ በቸሩ አምላክ ፈቃድ አለን።

ከሃያ አሥራ አራት አግኝተሻል። ከልጅሽ በሁለት ትበልጫለሽ፤ እንዳትነግሪያት።

ለፓስፖርቱ ድሬዳዋ ይዣት ሄጄ አሻራ ሰጥታለች። ለፈተና ነው ብዬ ግን አልዋሸሁም። እሷ ፊት ውሸት ስናገር ጆሮዬ ይቀላል። ለማንኛውም ጊዜ መያዝ ጥሩ ነው አልኳት። ለማንኛውም ጊዜ ማለት ምን ጊዜ ነው ብላ ጠየቀችኝና አውቶቡሱ ስለመጣ ሳልመልስ ቀረሁ።

አሁን የጅቡን ነገር ልንገርሽ። አዲስ አበባ ከታተመ መልመጃ አንድ ጥያቄ ገለበጥኩላቸው። "አጥር ለጅብ" ይልና፣ ምርጫው "ጃንጥላ ለዝናብ"፣ "መስኮት ለብርሃን"፣ "ጫማ ለእግር" ነው። ባርኮትና ሰልማ ሳይነጋገሩ ሁለቱም መስኮት ለብርሃን አሉ። የመልሱ ገጽ ጃንጥላ ስለሚል ሁለቱንም ኤክስ አደረግኋቸው።

ሰልማ ቀይ እስክሪብቶውን ከእጄ ልትነጥቀኝ ምንም አልቀራት። "አባባ፣ ወላሂ፣ የእኛ አጥር ጅብ ይከለክላል እንዴ?" አለችኝ። ባርኮት ደግሞ ዓረፍተ ነገሯን ረጋ ብላ አነበበችልኝ፤ "ጅብ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ከተማ ይገባል፤ ብርሃን በመስኮት ወደ ቤት ይገባል" የሚል።

አፈርኩ። ሰባ አንድ ዓመት እዚህ ኖሬያለሁ። የጀጎል ግንብ ከሥሩ ለጅብ የተተወ ቀዳዳ እንዳለው፣ ሐረሪዎቹ ጎረቤቶቻችን ስም እንኳ አውጥተውለት ወራባ ኑዱል እንደሚሉት፣ ጅቡም በዚያ እየገባ የከተማውን አጥንትና ትርፍራፊ ጠርጎ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ጅብን በተረት ብቻ የሚያውቅ ሰው የጻፈውን አምኜ ልጆቹን ሳታችሁ ብዬ ቀጣሁ። እንዲህ ያለ ስህተት የሐረር ሰው ይሠራል?

ኤክሱን ሰረዝኩ። ነገር ግን ፈተናው ሐምሌ መግቢያ ላይ ሲመጣ ማርክ የምትሰጠው ሰልማ አይደለችም። ስለዚህ ሦስተኛ ሕግ ጨመርን። ጥያቄውን የጻፈው ሰው የት ሆኖ ጻፈው፣ የእሱስ አጥር ምን ዓይነት ነው ብለሽ ጠይቂ። ወረቀቱ ላይ የእሱን መልሺ፤ የራስሽን ግን አትርሺው።

ባዶ ስለተወችው ጠይቀሽኛል። አልረሳሁትም።

እንደሻው


ስታቫንገር
መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ እንደሻው፣

እንኳን ለዐቢይ ጾም አደረስዎ፤ ጾሙን የበረከት ያድርግልዎ።

ተፈቅዶልናል። ወረቀቱን በእጄ ይዤ መንገድ ላይ አለቀስኩ። ግን እስከ ሰኔ 25 ድረስ እዚህ አገር መግባት አለባት፤ ያ ቀን ካለፈ ፈቃዱ ይሰረዛል።

ፈተናው ሐምሌ መግቢያ ላይ እንደሆነ ጽፈውልኛል። ስለዚህ ፈተናው ይቅር። እዚህ ስትመጣ ቋንቋውን ተምራ ትምህርቱን እንደገና ነው የምትጀምረው፤ የዚያ ፈተና ወረቀት ምንም አያደርግላትም። ጥናቱን አቁመው እንዲነግሯት እለምንዎታለሁ። ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ ድረስ የሚያደርሳት ሰው ቢፈልጉልኝ ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ።

ምን እንዳለች ወዲያው ይጻፉልኝ። ባዶ የተወችውንም እስካሁን አልነገሩኝም።

ትዕግሥት


ሐረር፣ ሸዋ በር
ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትዕግሥት፣

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። በዓሉ ደህና አለፈ። በግ ልገዛ ጊደር መጋላ ገበያ ድረስ ሄጄ ዋጋውን ሰምቼ ዶሮ ይዤ ተመለስኩ።

መልሴ የዘገየው ኔትወርክ ስላልነበረ ነው። ሙሐዲንም የፋሲካ ልብስ ስፌት ይዞት ቀና የሚልበት ጊዜ አጥቶ ነበር።

ባርኮት ባለፈው ሳምንት የሙከራ ፈተና ሃምሳ ስምንት አመጣች። ሰልማ ስድሳ አንድ። አሁን የሚያስደስተኝ ማርኩ አይደለም፤ አነጋገሯ ተለውጧል። ሬዲዮ ላይ ሰው ሲከራከር ሰምታ፣ ይህ ሰውዬ አብረው ያያቸውን ሁለት ነገሮች ነው ምክንያትና ውጤት ያደረጋቸው ትላለች። ወለተሥላሴ ልጅቷን ጠበቃ አደረግህብኝ እያለች ታማርራለች።

ስለ ጉዞው ገና አልነገርኳትም። እስቲ አስቢው ልጄ። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር የቡና ችግኝ የሚያፈላ ሰው ታውቂያለሽ። ችግኝ ፍሬውን ሳያሳይ ነቅለሽ ብትወስጂው ምን ይሆናል? ይደርቃል። ይህችም እንደዚያው ናት። የለፋችበትን ሳታይ አትነቀል። ፈተናውን ትፈተንና ከዚያ እናያለን።

እንደሻው


ስታቫንገር
ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ እንደሻው፣

ጤና ይስጥልኝ።

አርባ ቀን ጠበቅሁዎት። ሙሐዲንን በስልክ ጠየቅሁት፤ ደብዳቤዬን መጋቢት 13 እጅዎ ላይ እንዳስቀመጠ፣ ኔትወርክም እንደነበረ ነገረኝ።

ለችግኙ እንደራስዎ ሕግ ልመልስልዎ። ችግኝ የሚፈላው ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሊተከል ነው። መደብ ላይ ሆኖ ፍሬ እስኪያሳይ የሚጠብቀው ማን ነው? እዚያ ከቆየ ነው የሚበላሸው። ዓረፍተ ነገርዎ ያምራል እንጂ እውነት አይደለም።

ደግሞስ እኔን ያስታውሱ። እናቴ ስትሞት በዘጠኝ ዓመቴ ከጅጅጋ አምጥተው አሳደጉኝ። አለቀስኩ፣ ከዚያ ለመድኩ። እርስዎ ለእኔ እንደሆኑልኝ እኔም ለእሷ እሆናለሁ። እሷም ትለምደኛለች።

ሰኔ 25 ሊሞላ ሁለት ወር ቀርቶታል። እባክዎን ይንገሯት።

ትዕግሥት


ሐረር፣ ሸዋ በር
ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለትዕግሥት፣

የእግዚአብሔር ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። ይህ ረጅም ነው፤ ሥራ ቦታ አታንብቢው።

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ኔትወርክ ነበረ። ሙሐዲንም ጊዜ ነበረው። ያልነበረኝ ድፍረቱ ነው። ልጅቷን አሥራ አንድ ዓመት ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሸኝቻለሁ። ትሄዳለች ብዬ መጻፉ አቃተኝ፣ እውነቱ ይኸው ነው። ስለ ችግኙ ያልሽውም ልክ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ባርኮት አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። በእጅ ጽሑፏ አንድ ጥያቄ ብቻ አለበት፤ "ስንቅ ለመንገደኛ፤ ፓስፖርት ለ ____።" ይሙሉት አባባ ብላኝ ፊቴ ቆመች። እስክሪብቶ አነሳሁ፤ ግን ስሟን ሳልጽፍበት ወረቀቱን መለስኩላት።

እንዴት እንደደረሰችበት ጠየቅኋት። አንድ በአንድ ነገረችኝ። ድሬዳዋ ላይ ጥያቄዋን ሳልመልስላት አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። እስከ የካቲት ድረስ ያንቺን ደብዳቤ ሰላምታውን ጮክ ብዬ አነብላት ነበር፤ ከመጋቢት ወዲህ ግን በቀጥታ ኪሴ ይገባል። ወለተሥላሴ ደግሞ ከፋሲካ ጀምሮ ባየቻት ቁጥር ታቅፋታለች። እማማ የሚሄድ ሰው ካልሆነ አታቅፍም አለች።

ሁሉንም ነገርኳት። ያንቺን ደብዳቤዎች፣ የእኔንም ግልባጭ ሰጠኋት። ሰልማን ጠርታ ሁለቱ መኝታ ቤት ገብተው በር ዘጉ። ሲወጡ ቀዩን እስክሪብቶ ይዘው ነው። ችግኙ ላይ ኤክስ አለበት። ያንቺ "እሷም ትለምደኛለች" ላይም ኤክስ አለበት። ከሥሩ እንዲህ ጽፋለች፤ "እማዬ ወደ አባባ ቤት ስትመጣ እናቷ ሞታ ነበር። የእኔ በሕይወት አለች። ግንኙነቱ አንድ አይደለም።" ለምን እንዲህ ብላ ጻፈች ብለሽ አታልቅሺ። ክፋት የለበትም፤ እያረመች ነው።

ከዚያ ቁጭ ብላ ያለችውን ቃል በቃል ልጻፍልሽ።

"አባባ፣ ሁለት ቀኖች አሉ። የፈተናውን ቀን የቆረጡት በመቶ ሺህ ለሚቆጠሩ ተማሪዎች ነው፤ ለእኔ ብሎ የሚያንቀሳቅሰው የለም። የሰኔውን ቀን የቆረጠው ቢሮ ግን ለእኔ ብቻ ነው የቆረጠው። ለአንድ ሰው የተቆረጠ ቀን በአንድ ሰው ምክንያት ሊነሳ ይችላል። እናንተ ሁለታችሁም ቀኑን ጃንጥላ እንደሚለው መጽሐፍ አጥር፣ ምንም የማያሳልፍ አድርጋችሁ ነው ያያችሁት። ምናልባት እንደኛ አጥር ቀዳዳ አለው። ጠይቃችኋል?"

አልጠየቅንም። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተማሪ፣ አንቺ እዚያ አገር አሥራ አንድ ዓመት የኖርሽ፣ ስድስት ወር ስንጻጻፍ ቀኑ ይራዘም እንደሆነ አንዳችንም አልጠየቅንም። እኔ ያልጠየቅሁት ቀኑ እንዲያልፍ ስለፈለግሁ ነው። ያንቺን አንቺ ታውቂያለሽ።

ትምጣ አትምጣ ብዬ እኔ አልወስንም። እሷ የምትለው፣ እመጣለሁ፣ ግን የጀመርኩትን ጨርሼ ነው። ለቢሮው የሚላከውን ማመልከቻ በእንግሊዝኛ አርቅቃ ከዚህ ጋር አያይዛለች። ያንቺ ፊርማ ያስፈልገዋል።

አሁን ያንን ባዶ የተወችውን ልንገርሽ። ቁጥር አሥራ አንድ ነው። "ዘበኛ ለበር፤ እናት ለ ____።" አንቺ "ልጅ" ብለሽ ሞልተሽዋል። እሷን ለምን ባዶ እንደተወችው ያኔ ጠይቄያት ነበር። ቃሉን አውቀዋለሁ አለችኝ። ዘበኛ ከበሩ አይለይም ብዬ ጻፍኩ፤ እናት ከልጇ አትለይም ብዬ ስቀጥል ግን እውነት አልሆነልኝም አለች። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ባዶውን እንዳለ ተውኩላት። ለአንቺም አምስት ወር ደበቅሁሽ።

አጎትሽ እንደሻው


ስታቫንገር
ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ እንደሻው፣

ሰላምዎ ይብዛ። ፈርሜ ዛሬ ጠዋት አስገብቻለሁ። ቢሮው ተቀብሎኛል፤ መልሱ ግን በሦስት ሳምንት ነው። ምን እንደሚሉ አላውቅም።

ለምን እንዳልጠየቅሁ ልንገርዎ። ፈርቼ ነው። ፈተናውን አልፋ ዩኒቨርሲቲ ከገባች፣ አሥራ ስምንትም ከሞላት፣ ወደኔ የምትመጣበት ምክንያት የላትም ብዬ አሰብኩ። የሰኔው ቀን ሲመጣ ደስ ያለኝ ለዚህ ነበር። እንድትመርጥ ጊዜ አይሰጣትም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ማመልከቻው ላይ ልጄ በገዛ ፈቃዷ ከፈተናው በኋላ እንድትመጣ እጠይቃለሁ የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፋልኛለች። እምቢ ካሉ ወይ ፈተናውን ወይ ፈቃዱን እናጣለን። ያም ሆኖ ፈርሜዋለሁ።

ቁጥር አሥራ አንድን አነበብኩት። ኤክስ አያድርጉባት። ልክ ናት።

ትዕግሥት


ሐረር፣ ሸዋ በር
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትዕግሥት፣

ጤናሽ ይብዛልኝ። እስከ መስከረም 20 ተራዝሟል ያልሽው ዕለት ወለተሥላሴ እልል ስላለች ጎረቤት ሰርግ መስሎት መጣ።

ልጆቹ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ተፈትነው ትናንት ማታ ተመለሱ። ሁለቱም ከስተዋል፤ ምግቡ አልተስማማቸውም። ስለ አፕቲትዩዱ ስጠይቃቸው ሰልማ አልሐምዱሊላህ ከማለት ሌላ አልተናገረችም። ባርኮት ግን የቤትና የአጥር ነገር ያለበት አንድ ጥያቄ መጥቶ እንደነበር፣ ጻፊው የት እንደሚኖር አስባ የእሱን መልስ እንደሰጠች ነገረችኝ።

ሻንጣ ገዝተናል። ወለተሥላሴ በርበሬ ብቻ እንዳትሞላው እየተከላከልኩ ነው።

እንደሻው


ስታቫንገር
ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ እንደሻውና ለእትዬ ወለተሥላሴ፣

በአምላክ ስም ጤናችሁን እጠይቃለሁ። ባርኮት መስከረም 14 በሰላም እጄ ከገባች ሦስት ሳምንት አልፏል፤ ከእርስዎ ግን አንድ ቃል አልመጣም። ሙሐዲን ደህና ናቸው፣ ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው ይሄዳሉ ይለኛል። ኔትወርክ ነው እንዳይሉኝ።

በውጤቷ እኔም ኮርቻለሁ። አፕቲትዩዱ ሰባ ስድስት መሆኑን ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም። ሰልማም ዩኒቨርሲቲ መመደቧን ሰምተን ደስ ብሎናል።

እውነቱን ለመናገር ቀላል አይደለም። እንቁላል እንደምትወድ አላውቅም ነበር። ቁመቷ ከእኔ በልጧል። መጀመሪያ ሳምንት ስንነጋገር እንደ እንግዳ ነበርን። አንድ ቀን ተናድጄ እናትሽ ነኝ፣ የሚሻልሽን አውቃለሁ አልኳት። እናት መሆንና ማወቅ ግንኙነታቸው ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ልቆጣ ብዬ ሳቄ መጣ፤ እሷም ሳቀች። እንደዚያ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር። ማታ ማታ ደግሞ ካላንደሩን አውጥታ ታስጠናኛለች። አሁን ከሃያ አሥራ ሰባት ደርሻለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን ራሷ ናት የጻፈችው።

ትዕግሥት


አባባ፣

እንደምን አሉልኝ? እዚህ ጅብ የለም። ቆሻሻውን የሚወስደው መኪና ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል።

ቁጥር አሥራ አንድን ሞልቼዋለሁና ያርሙልኝ። ዓረፍተ ነገሩን ቀይሬዋለሁ። "ዘበኛ የሚገባው ሰው እስኪደርስ በሩን አይዘጋም። እናቴም እስክደርስ በሩን አልዘጋችም።" ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እውነት ነው።

አንድ ጥያቄ ጨምሬ ሃያ አንድ አድርጌዋለሁ። "ዘበኛ ለበር፤ አባባ እንደሻው ለ ____።" ባዶ የተውኩት መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ያኔ ጠረጴዛዎ ላይ ያኖርኩትን ወረቀት ሳይሞሉ ነው የመለሱልኝ። ይህን ይሙሉና በሙሐዲን በኩል ይላኩልኝ።

ባርኮት